ኢትዮጵያውያን የቤት ሠራተኞችና ልጆቻቸው በዓረብ አገራት

ኢትዮጵያውያን የቤት ሠራተኞች በዓረብ አገራት የሚባሉት በሳዑዲ ዓረቢያ፣ በሊባኖስ፣ በኩዌት፣ በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች፣ በኳታር፣ በባሕሬን፣ በኦማንና በዮርዳኖስ በግለሰብ ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ ኢትዮጵያውያን ናቸው። አብዛኛዎቹ ወጣት ሴቶች ሲሆኑ ሥራቸው ማጽዳት፣ ማብሰል፣ ማጠብ፣ ሕፃናትንና አረጋውያንን መንከባከብ ነው። በአገር ቤት «ኮንትራት የሄደች» ወይም በአጭሩ «ዓረብ አገር ያለች» ይባላሉ። ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረው በእነዚህ ሴቶችና በልጆቻቸው ማኅበራዊ ደኅንነት ላይ ነው። ልጆች ሲባል አገር ቤት ለዘመድ የተተዉትን፣ እዚያው የተወለዱትን፣ እንዲሁም ራሳቸው ገና ልጆች ሳሉ ለሥራ የሄዱትን ታዳጊዎች ይጨምራል።

አነሣሥ

በደርግ ዘመን ከአገር ለመውጣት የመውጫ ፈቃድ ያስፈልግ ስለነበር ለሥራ መሰደድ ለብዙ ሰው የማይታሰብ ነበር። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ይህ ላላ፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 32 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ ከአገር የመውጣት ነፃነት እንዳለው ደነገገ። ብዙም ሳይቆይ ወጣት ሴቶች ወደ ሊባኖስና ወደ ባሕረ ሰላጤው አገራት መሄድ ጀመሩ። ከወሎ፣ ከጅማ፣ ከአርሲና ከሐረርጌ የሚሄዱት ቁጥር ከፍተኛ ነው። በወሎ የሐጅና የዑምራ ጉዞ ቀድሞ የታወቀ ስለነበር በዑምራ ቪዛ ገብተው ለሥራ የቀሩ ብዙ ናቸው።

መነሻው በአብዛኛው ገንዘብ ነው። ከሳዑዲ ዓረቢያ ጋር በተደረገው ስምምነት ለቤት ሠራተኛ የሚታወቀው ደመወዝ በወር 1,000 ሪያል ሲሆን፣ በገጠር ከተማ እንዲህ ያለ ገቢ የሚያስገኝ ሥራ ለአንዲት ትምህርቷን ያቋረጠች ልጅ የለም። ውሳኔው ግን የእሷ ብቻ አይደለም። በሬ ተሽጦ ወይም መሬት ተከራይቶ ለደላላ የሚከፈለው ገንዘብ የቤተሰቡ ገንዘብ ነው። በዚህ ምክንያት ሥራው ቢከፋባትም እንኳ ዕዳው ሳይከፈል ባዶ እጇን መመለስ ያሳፍራታል። ብዙ ሴቶች በደል ደርሶባቸው ዝም የሚሉበትን ምክንያት ለመረዳት ከዚህ ዕዳ መነሣት ያስፈልጋል።

ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው በኤጀንሲ አማካይነት በአውሮፕላን የሚደረገው ሕጋዊ ጉዞ ነው። ሁለተኛው በጅቡቲ ኦቦክ ወይም በሶማሊያ ቦሳሶ በኩል በጀልባ ወደ የመን ተሻግሮ በእግርና በመኪና ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ድንበር የሚያደርሰው መንገድ ነው። በሁለተኛው መንገድ የምትሄድ ሴት ገና ከመነሻው ውል፣ ቪዛም ሆነ መድን የላትም።

የካፋላ ሥርዓት

ካፋላ የዓረብኛ ቃል ሲሆን ዋስትና ማለት ነው። በዚህ ሥርዓት የውጭ ዜጋ ሠራተኛ በአገሩ ለመቆየት የምትችለው አንድ የአገሩ ነዋሪ፣ ማለትም ካፊሉ፣ ዋስ ሲሆንላት ነው። የመኖሪያ ፈቃዷ (ኢቃማ) በአሠሪው ስም የተያያዘ ነው። ከአሠሪው ቤት በወጣች ቀን ኢቃማዋ ዋጋ ያጣል። በልማድ ፓስፖርቷንም የሚይዘው አሠሪው ነው፤ ይህ በአብዛኛዎቹ አገራት በሕግ የተከለከለ ቢሆንም።

በሌላ ሥራ መስክ አሠሪና መንግሥት ሁለት የተለያዩ አካላት ናቸው። አሠሪ ቢበድል ወደ መንግሥት ይኬዳል። በካፋላ ግን ሠራተኛዋ በአገሩ መኖር አለመኖሯን የሚወስነው አሠሪው ስለሆነ፣ በደል የፈጸመባትን ሰው ለመክሰስ የዚያኑ ሰው ፈቃድ የምትፈልግ ያህል ይሆናል። የመኝታ ቦታዋ፣ ምግቧ፣ ሕክምናዋና ስልኳም በዚያው ቤት ነው። ስለዚህ ሥራ ማጣት ለእሷ ደመወዝ ማጣት ብቻ ሳይሆን ማደሪያና ሕጋዊነትን በአንድ ቀን ማጣት ነው።

ሂዩማን ራይትስ ዎች እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው ጥናት ከጃንዋሪ 2007 ጀምሮ በሊባኖስ ቢያንስ 95 የውጭ አገር የቤት ሠራተኞች መሞታቸውን መዝግቧል። ከእነዚህ 40ዎቹ በኤምባሲዎች ራስን ማጥፋት ተብለው የተመዘገቡ ሲሆን 24ቱ ከፎቅ በመውደቅ የሞቱ ናቸው። ከፎቅ ከወደቁት ብዙዎቹ ለማምለጥ ሲሞክሩ ነው። የቤት በር ከውጭ የሚቆለፍ መሆኑን ካላወቁ አንዲት ሴት ለምን በበረንዳ ለመውረድ እንደምትሞክር መገመት ይከብዳል።

«መጥፋት» እና ሁሩብ

ከአሠሪ ቤት ወጥቶ በግል መሥራት በሠራተኞቹ ዘንድ «መጥፋት» ይባላል። የጠፋች ሴት ከሌሎች ጋር ቤት ተከራይታ በቀን ወይም በሰዓት እየሠራች ብዙ ጊዜ ከበፊቱ የተሻለ ታገኛለች። ነገር ግን በየመንገዱ ለመያዝ የተጋለጠች ናት።

በሳዑዲ ዓረቢያ የጠፋች ሠራተኛን አሠሪው «ሁሩብ» ብሎ ሪፖርት ያደርጋታል። ይህ ቀደም ሲል ቢሮ ሄዶ የሚፈጸም ነበር፤ አሁን ግን በመንግሥት መተግበሪያ በስልክ ይሠራል። ሠራተኛ ማስመጣትም እንዲሁ ሙሳነድ በተባለ ድረ ገጽ ይፈጸማል። ከቴክኖሎጂ አንጻር ሲታይ ሥርዓቶቹ ዘመናዊ ናቸው፤ የተሠሩት ግን አሠሪው በቀላሉ እንዲጠቀምባቸው ተደርጎ ነው። አሠሪው ሁለት ሦስት ጊዜ ስልኩን በመንካት ሠራተኛዋን ከሕግ ውጭ ሊያደርጋት ሲችል፣ እሷ ሪፖርቱ ሐሰት መሆኑን ለማስረዳት ወደ መሥሪያ ቤት በአካል መሄድ ይኖርባታል። መሄድ ደግሞ በመንገድ ላይ መያዝን ሊያስከትል ይችላል። ደመወዝ ላለመክፈል ወይም ክስን ለመከላከል የሐሰት የሁሩብ ሪፖርት ማቅረብ በተደጋጋሚ የሚሰማ ቅሬታ ነው።

የተያዘች ሴት «ተርሂል» ወደሚባለው የማቆያና የመመለሻ ማዕከል ትወሰዳለች። በጅዳ አቅራቢያ የሚገኘው የሹሜይሲ ማዕከል በኢትዮጵያውያን ዘንድ በጣም የታወቀ ነው። በእነዚህ ማዕከላት እናቶች ከሕፃናት ልጆቻቸው ጋር ይታሰራሉ።

የሥራ ሕጎች

የሊባኖስ የሥራ ሕግ እ.ኤ.አ. በ1946 ሲወጣ በአንቀጽ 7 የቤት ሠራተኞችን ከሕጉ ውጭ አድርጓል፤ ይህ አንቀጽ አሁንም አልተሻረም። በሌሎቹም አገራት የቤት ሠራተኛ ከመደበኛው የሥራ ሕግ ውጭ ሆና ለብዙ ዓመታት ቆይታለች። ዮርዳኖስ እ.ኤ.አ. በ2008 ሕጓን አሻሽላ የቤት ሠራተኞችን በማካተት ቀዳሚ ሆናለች። ኩዌት እ.ኤ.አ. በ2015 በሕግ ቁጥር 68 የሥራ ሰዓቱን በቀን ከ12 እንዳይበልጥ፣ በሳምንት አንድ ቀን ዕረፍት፣ በዓመት የ30 ቀን ፈቃድና ለእያንዳንዱ የአገልግሎት ዓመት የአንድ ወር ደመወዝ ስንብት እንዲኖር ወሰነች። ኤምሬቶችና ኳታር እ.ኤ.አ. በ2017 የየራሳቸውን ሕግ አወጡ። ኳታር ከጃንዋሪ 2020 ጀምሮ የቤት ሠራተኞች ያለ አሠሪ ፈቃድ ከአገር እንዲወጡ ፈቅዳለች፤ እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ ዝቅተኛ ደመወዝ 1,000 የኳታር ሪያል እንዲሆን አድርጋለች። ሳዑዲ ዓረቢያ እ.ኤ.አ. በማርች 2021 ሥራ መቀየርንና ከአገር መውጣትን የሚያቀልል ማሻሻያ ተግባራዊ ስታደርግ የቤት ሠራተኞችን አላካተተችም።

የዓለም የሥራ ድርጅት ስለ ቤት ሠራተኞች የወጣውን ስምምነት ቁጥር 189 እ.ኤ.አ. በጁን 2011 ተቀብሎ ከሴፕቴምበር 2013 ጀምሮ ሥራ ላይ አውሏል።

የሕጎቹ ዋና ድክመት አፈጻጸም ነው። ፋብሪካ በተቆጣጣሪ ይጎበኛል፤ መኖሪያ ቤት ግን በግላዊነት ስለሚጠበቅ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ የሚገባ ተቆጣጣሪ የለም። የሳምንት ዕረፍት የተጻፈ ቢሆንም በሩ ከተቆለፈ ዕረፍቱ በወጥ ቤት ያልቃል።

የኢትዮጵያ ሕግና ፖሊሲ

ኢትዮጵያ የግል ሥራና ሠራተኛ አገናኝ ኤጀንሲዎችን በአዋጅ ቁጥር 104/1990 ፈቀደች፤ ይህንንም በአዋጅ ቁጥር 632/2001 ተካች። በጥቅምት 2006 ዓ.ም. መንግሥት ወደ መካከለኛው ምሥራቅ የሚደረገውን የሥራ ጉዞ በሙሉ አገደ። በዚያው ሰሞን ሳዑዲ ዓረቢያ ሰነድ የሌላቸውን የውጭ ዜጎች ማባረር ጀምራ ስለነበር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ተመለሱ። እገዳው እስከ ጥር 2010 ዓ.ም. ድረስ ቆየ። ጉዞውን ግን አላስቆመም፤ በኤጀንሲ ይሄዱ የነበሩትን ወደ ደላላና ወደ የመን መንገድ ገፋቸው እንጂ። በእገዳው ዓመታት የሄዱት ሴቶች በኢትዮጵያ በኩል የተመዘገበ ውል ስለሌላቸው ችግር ሲደርስባቸው ኤምባሲው የሚከራከርበት ሰነድ አልነበረውም።

በእገዳው መካከል የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 አሁንም ዋናው ሕግ ሲሆን በአዋጅ ቁጥር 1246/2013 ተሻሽሏል። በዚህ አዋጅ መሠረት ተጓዧ 18 ዓመት የሞላት መሆን አለባት፤ የሙያ ብቃት ማረጋገጫም (ሲኦሲ) ያስፈልጋታል። የቪዛ፣ የደርሶ መልስ ትኬት፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ እንዲሁም የመድን ወጪ የአሠሪው ነው። ፓስፖርት፣ የጤና ምርመራ፣ ክትባት፣ የልደት የምስክር ወረቀትና የብቃት ማረጋገጫ ደግሞ በሠራተኛዋ ይሸፈናሉ። ሕጋዊ ስምሪት የሚደረገው የሁለትዮሽ ስምምነት ወዳለባቸው አገራት ብቻ ነው፤ ከሳዑዲ ዓረቢያ ጋር ስምምነቱ የተፈረመው በ2009 ዓ.ም. ነው። በሰው መነገድን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 909/2007 በአዋጅ ቁጥር 1178/2012 ተተክቷል።

በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ የሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር ሥራ ለሁለት ተከፈለ። ስምሪቱ ለሥራና ክህሎት ሚኒስቴር፣ ማኅበራዊ ጉዳዩ ለሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር ተሰጠ። ሴቲቱን የሚልካት መሥሪያ ቤትና ተጎድታ ስትመለስ የሚቀበላት መሥሪያ ቤት የተለያዩ ሆኑ ማለት ነው።

ልጆች

አገር ቤት የቀሩ ልጆች

ብዙ እናቶች ልጃቸውን ለአያት ወይም ለእኅት ትተው ይሄዳሉ። በሚላከው ገንዘብ ልጁ የደንብ ልብስና ደብተር ያገኛል፤ ቤቱም ቆርቆሮ ይለብሳል። ነገር ግን ገንዘቡ በማን ስም እንደሚላክ ትልቅ ጉዳይ ነው። በባል ወይም በወንድም ስም የተላከ ገንዘብ ባጃጅ ወይም መሬት ሆኖ በተቀባዩ ስም ተመዝግቦ መቆየቱን ሴቲቱ የምታውቀው ስትመለስ ነው። በዚህ የሚነሣ ክርክር በየወረዳው ፍርድ ቤት የተለመደ ሆኗል።

ሞግዚትነቱ የሚሰጠው በቃል ነው። ፍርድ ቤት ቀርቦ የሞግዚትነት ማረጋገጫ የሚይዝ ቤተሰብ ጥቂት ነው። እናት በሕይወት ሳለችና ገንዘብ ስትልክ ይህ ችግር አይፈጥርም። እናት ስትታሰር፣ ስልኳ ሲጠፋ ወይም ስትሞት ግን አያት ለልጁ ፓስፖርት ለማውጣት፣ ውርስ ለመጠየቅ ወይም የመድን ካሣ ለመቀበል የሚያስችላት ወረቀት የላትም። ሕጋዊ ውል ያላት ሠራተኛ በአዋጁ መሠረት የሕይወትና የአካል ጉዳት መድን ሊኖራት ይገባል። በየመን በኩል የሄደች ሴት ብትሞት ግን አስከሬኗን ለማስመጣት ወዳጅ ዘመድ መዋጮ ያሰባስባል፤ ለልጇ የሚተርፍ ነገር አይኖርም።

ልጅ ሆነው የሄዱ

አብዛኛው የገጠር ሕፃን ሲወለድ የልደት ምዝገባ አልነበረውም። በ2008 ዓ.ም. በተሠራው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት ልደታቸው የተመዘገበው 3 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ። ዕድሜ በቀበሌ መታወቂያ ላይ የሚጻፈው ባለቤቱ ወይም ምስክር በተናገረው መሠረት ስለነበር የ15 ዓመት ልጅ የ22 ዓመት ወጣት ሆና ፓስፖርት ማውጣት አልከበዳትም። ደላላውም ልብስና የፀጉር አሠራር ይመክራታል።

ውጤቱ ከጉዞው በኋላም ይከተላታል። የሕፃናት ጥበቃ ሕጎች ሁሉ የሚሠሩት በሰነድ ላይ ባለ ዕድሜ ነው። በሰነዷ አዋቂ የሆነች ታዳጊ በተቀባዩ አገር እንደ ሕፃን አትቆጠርም፤ በክስ ጊዜም፣ በማቆያ ማዕከልም፣ ስትመለስም እንዲሁ። እውነተኛ ዕድሜዋን ብትናገር ደግሞ በሐሰተኛ ሰነድ የመጠየቅ ፍራቻ አለባት። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአዋጅ ቁጥር 760/2004 ተደንግጎ በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ሥራ ጀምሯል።

እዚያው የተወለዱ

ያለ ጋብቻ ማርገዝ በበርካታ የባሕረ ሰላጤ አገራት ወንጀል ነው። ሐኪም ቤቶች የጋብቻ ወረቀት ስለሚጠይቁና ለፖሊስ ስለሚያሳውቁ ነፍሰ ጡር ሠራተኞች ቤት ውስጥ ያለ ሐኪም እስከ መውለድ ይደርሳሉ። በአሠሪ ወይም በቤቱ ልጅ ተደፍራ ያረገዘች ሴትም ድርጊቱን ማስረዳት ካልቻለች ራሷ ልትከሰስ ትችላለች። ኤምሬቶች እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣችው የወንጀል ሕግ ወላጆች ልጁን ካመኑና ሰነድ ካወጡለት እንዳይቀጡ አድርጋለች።

በእነዚህ አገራት ዜግነት በዋናነት የሚተላለፈው በአባት በኩል ነው። የጋብቻ ወረቀት የሌላት እናት ለልጇ የልደት የምስክር ወረቀት ማግኘት አትችልም፤ ያለዚያ ወረቀት ደግሞ ልጁ ክትባትና ትምህርት ቤት ያጣል፣ ከአገርም መውጣት አይችልም። በኢትዮጵያ በኩል ሕጉ ግልጽ ነው። በዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 መሠረት ከወላጆቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ የሆነ ልጅ ኢትዮጵያዊ ነው፤ ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 36 ለእያንዳንዱ ሕፃን ስምና ዜግነት የማግኘት መብት ይሰጣል። ስለዚህ ልጁ በሕግ አገር አልባ አይደለም። የሚያጣው ይህንን የሚያሳይ ማስረጃ ነው። ኤምባሲው የልጁን እናት ማንነት ማረጋገጥ ሲፈልግ የእናት ፓስፖርት አሠሪ ጋ ነው፤ ሐኪም ቤት ያልተወለደ ልጅ የወሊድ ማስረጃ የለውም። ብዙዎቹ እናቶች ከልጆቻቸው ጋር ወደ አገራቸው የሚገቡት በሊሴ ፓሴ፣ ማለትም ለአንድ ጊዜ ጉዞ በሚሰጥ የይለፍ ወረቀት ነው።

በሊባኖስ የአገሪቱ የጠቅላላ ደኅንነት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ እዚያ ለተወለዱ የቤት ሠራተኞች ልጆች የመኖሪያ ፈቃድ ማደስን ከልክሎ እናቶችን ከነልጆቻቸው እንዲወጡ ማዘዙ ተመዝግቧል። ከእነዚህ ልጆች መካከል ትምህርት ቤት የገቡና ዓረብኛ አፋቸውን የፈቱበት ቋንቋ የሆነላቸው ነበሩ።

ተመላሾች

እ.ኤ.አ. በማርች 2022 በኢትዮጵያና በሳዑዲ ዓረቢያ መንግሥታት ስምምነት 100,000 ያህል ዜጎችን የመመለስ ሥራ ተጀምሯል። ተመላሾች ቦሌ ሲደርሱ ምዝገባ፣ ጊዜያዊ ማረፊያና የመጓጓዣ ገንዘብ ያገኛሉ። ከዚያ በኋላ ያለው ክትትል በአብዛኛው በቤተሰብ ላይ የወደቀ ነው።

ከባዱ የአእምሮ ጤና ነው። ስሟን መናገር የማትችል ሆና የተመለሰች ሴትን ቤተሰቧ መጀመሪያ ወደ ጠበል ወይም ወደ ሼኽ ይወስዳታል፤ በወረዳ ደረጃ ሌላ የሚወሰድበት ቦታም ብዙ ጊዜ የለም። በአዲስ አበባ አጋር ኢትዮጵያ የተባለው በጎ አድራጎት ማኅበር ለእነዚህ ሴቶች መጠለያና ሕክምና ከሚሰጡት አንዱ ነው። ከልጅ ጋር የተመለሰች ሴት ተጨማሪ ሸክም አለባት። ልጁ «የዓረብ ልጅ» እየተባለ ስለሚጠራ ወደ ትውልድ ቀበሌዋ ከመመለስ ይልቅ በአዲስ አበባ መቅረትን የምትመርጥ ጥቂት አይደለችም፤ አንዳንዷም ድጋሚ ትሰደዳለች።

በሊባኖስ የደረሱ ቀውሶች

እ.ኤ.አ. በ2012 መጀመሪያ አንዲት የሁለት ልጆች እናት በቤይሩት የኢትዮጵያ ቆንስላ በር ላይ በግድ ተጎትታ መኪና ውስጥ ስትገባ የሚያሳይ ቪዲዮ በሊባኖስ ቴሌቪዥን ታየ። ሴቲቱ ከጥቂት ቀናት በኋላ በገባችበት ሐኪም ቤት ሕይወቷ አለፈ። ጉዳዩ ካፋላን በዓለም አቀፍ ደረጃ መነጋገሪያ ካደረጉት ክስተቶች አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የቤት ሠራተኞች በሊባኖስ ማኅበር መሠረቱ፤ የሥራ ሚኒስቴሩ ግን ዕውቅና ነፈገው። በ2017 ኢትዮጵያውያት የቤት ሠራተኞች ራሳቸው «እኛ ለኛ በስደት» የተባለውን ድርጅት አቋቋሙ።

ከ2019 መጨረሻ ጀምሮ የሊባኖስ ሊራ ከ90 በመቶ በላይ ዋጋውን ሲያጣ አሠሪዎች በዶላር ደመወዝ መክፈል አልቻሉም። በጁን 2020 በርካታ አሠሪዎች ሠራተኞቻቸውን ያለ ደመወዝና ያለ ፓስፖርት በመኪና እያመጡ በቆንስላው በር ላይ ጥለዋቸው ሄዱ፤ ሴቶቹም ከሻንጣዎቻቸው ጋር አስፋልት ላይ አደሩ። ኦገስት 4 ቀን የቤይሩት ወደብ ፍንዳታ ተጨመረበት። በሴፕቴምበር 2020 የሥራ ሚኒስቴሩ ሠራተኛዋ ያለ አሠሪ ፈቃድ ሥራ እንድትቀይር የሚፈቅድ አዲስ ውል ቢያወጣም፣ በወሩ የአገሪቱ ከፍተኛ የአስተዳደር ፍርድ ቤት በሠራተኛ አስመጪዎች አቤቱታ አገደው።

እ.ኤ.አ. በ2024 መጸው እስራኤልና ሒዝቦላህ ሲዋጉ ከደቡብ ሊባኖስ የሸሹ ቤተሰቦች ሠራተኞቻቸውን ቤት ቆልፈውባቸው ወይም መንገድ ላይ ትተዋቸው የሄዱባቸው አጋጣሚዎች ነበሩ። መጠለያ የሆኑት የመንግሥት ትምህርት ቤቶች በአብዛኛው የተቀበሉት ሊባኖሳውያንን ስለነበር ስደተኛ ሴቶች ሕፃናትን ይዘው በቤተ ክርስቲያናት፣ በበጎ ፈቃደኞች ማረፊያዎችና በባሕር ዳር ቆይተዋል። ምግብና ፍራሽ ያከፋፈሉላቸው በዋናነት የስደተኞቹ የራሳቸው ማኅበራት ነበሩ።